አሥራ ሁለት ነጥብ ስምንት

«ባትሪው እስከ መቼ ያቆያታል?»

ዛሬ ቢጠይቋት መልሱን ታውቀዋለች። ያን ቀን ጠዋት ግን ራንቬይግ የሬዲዮውን ቁልፍ እንደተጫነች አታውቀውም ነበር። ጠያቂው ሬይዳር ነበር፤ የነፍስ አድን ጀልባዋ አዛዥ። ድምፁ በመስኮቱ ደፍ ላይ ከተቀመጠው ትንሽ የባሕር ሬዲዮ ከነፋሱ ጋር ተደባልቆ ይመጣል።

ከኋላዋ፣ ምድጃው አጠገብ በተዘረጋው አልጋ ላይ ልጇ ሲኖቬ ተኝታለች። ሲኖቬ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ጡንቻዎቿ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እየሟሸሹ መጥተው አሁን ደረቷን እንኳ በራሷ ማንሳት አቅቷታል። የሚተነፍስላት ማሽን ነው፤ በአንገቷ በገባው ቱቦ አየር ይነፋል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ይነፋል። ራንቬይግ ይህን ድምፅ ከገዛ ልቧ ምት ይበልጥ ለምዳዋለች። ሲሠራ አትሰማውም። ቢቆም ግን ከከባድ እንቅልፍም ቢሆን ያስነሳታል።

መብራት የሄደው ትናንት ጠዋት ነው። ስልኩም ብዙ አልቆየም፤ ተከትሎት ጠፋ። ደሴቲቱ መንገድም መኪናም የላትም። ክረምቱን የሚከርሙባት ሦስት ቤተሰቦች ሲሆኑ ሁለቱ ለገና ልጆቻቸው ዘንድ ማዶ ተሻግረዋል። ባሕሩ ደግሞ ሌሊቱን ጀልባ ቤቱን ሰብሮ ገብቶ የራንቬይግን አባት የኦድቫርን ጀልባ ከነሞተሯ ገልብጧታል፤ ጄኔሬተሩንም ጨው ውሃ አጠጥቶታል። ማሽኑ በሆዱ የያዘው የራሱ ባትሪ አርጅቶ አንድ ሻይ እስኪፈላ እንኳ አያደርስም። የቀረው መግቢያው ላይ፣ ከጫማዎቹ ጎን የተቀመጠው ትልቁ የሊቲየም ባትሪ ብቻ ነው። ከትናንት ጀምሮ የሲኖቬ ትንፋሽ የሚመጣው ከእሱ ነው።

«ራንቬይግ፣ ትሰሚኛለሽ?» አለ ሬይዳር። «ከሰሜኑ ደሴቶች ወዲያ ሞተሩ የጠፋበት የሥራ ጀልባ አለ። ሁለት ሰዎች አሉበት፤ ነፋሱ ወደ ዓለቱ እየገፋቸው ነው። ልጅቷ እስከ ማታ የምትቆይ ከሆነ መጀመሪያ እነሱ ጋ እሄዳለሁ። የማትቆይ ከሆነ እናንተ ጋ እመጣለሁ። ንገሪኝና ልወስን።»

ራንቬይግ ዞር ብላ መግቢያውን አየች። ከባትሪው ጋር የተያያዘው የአባቷ የቮልት መለኪያ በጨለማው ውስጥ ያበራል። አሥራ ሁለት ነጥብ ስምንት።

ቁጥር አያስቸግራትም፤ የሚያስቸግሯት ፊደላት ናቸው። ልጅ ሳለች ገጽ በገለጠች ቁጥር፣ ጥላ እንዳየ የዓሣ ጫጩት ይበተኑባት ነበር። ትምህርት ቤቱንም እንዲሁ እንደተበተኑባት ጨረሰችው። ዘንድሮ በመከር ግን፣ የልጇን ማሽን ጽሑፍ እንኳ ለማንበብ ብላ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ሰው በሚያመላልሰው ፈጣን ጀልባ ማዶ እየተሻገረች የጎልማሶች ትምህርት ጀምራለች። ባትሪውን የገጠመችላቸው ማግንሂልድ የምትባል ኤሌክትሪሺያን አንድ ወፍራም መመሪያ ሰጥታት ነበር። ራንቬይግ «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብላ ተቀበለችና ከዳቦ ሳጥኑ በላይ አስቀመጠችው። አንብቢልኝ ማለት አፈረች። አባቷ ማንበብ ያውቃል፤ ግን አልገለጠውም። ባትሪ ማን ያስተምረኛል አለ።

ማግንሂልድ ልትሄድ ጫማዋን እያሰረች የተናገረችው ነገር ግን በጆሮዋ ቀርቷል። «ይሄ እንደ ድሮዎቹ አይደለም» ነበር ያለችው። «ጠረጴዛ ላይ እንደሚሄድ ጉንዳን አስቢው። ሜዳ ነው፣ ሜዳ ነው፣ ከዚያ ጠርዝ። ስለዚህ ቮልቱን ብቻ አይተሽ እንዳታምኚው። ስንት እንደገባና ስንት እንደወጣ የሚቆጥር ዕቃ በፖስታ እልክልሻለሁ።» የተባለው ዕቃ ገና አልደረሰም።

ጠርዙ የት ነው? ራንቬይግ ያኔ አልጠየቀችም። አሁን የሚያስፈልጋት ደግሞ እሱ ብቻ ነው።

«ወዲህ በይው» አለ ኦድቫር፣ ሬዲዮውን ከእጇ እየወሰደ። ዕድሜውን ሙሉ ኮድ ዓሣ ሲያሳድድ የኖረ ሰው ነው፤ ጣቶቹ በመንጠቆ ገመድ ብዛት እንደ ዛፍ ሥር ተጣመዋል። «ሬይዳር፣ ኦድቫር ነኝ። አሥራ ሁለት ነጥብ ስምንት ላይ ነው። ያውም ማሽኑን ተሸክሞ።»

«አሥራ ሁለት ነጥብ ስምንት?» አለ ሬይዳር። «ሙሉ ነዋ።»

«ከሙሉም ያልፋል። እስከ ማታ አይደለም፣ ነገንም ያያል። አንተ ሰዎቹን አውጣ።»

«ራንቬይግስ ትስማማለች?»

ኦድቫር ልጁን አያት። ሬዲዮው ይንሾካሾካል። ራንቬይግ ባሕሩ ላይ ያሉትን ሁለት ሰዎች አሰበች፤ የማን ልጆች፣ የማን አባቶች እንደሆኑ። ጉንዳኑን አሰበች። ከዚያ ራሷን ነቀነቀች፤ እሺ ማለቷ ይሁን አላውቅም ማለቷ ለራሷም አልለየላትም።

«ተስማምታለች» አለ ኦድቫር።

በዚያ ባሕር ዳርቻ ልጆች ከአባታችን ሆይ ቀጥሎ የሚማሩት አንድ አባባል አለ። አሥራ ሁለት ከስድስት ሙሉ፣ አሥራ ሁለት ከሁለት ግማሽ፣ ከዚያ ወዲያ መቅዘፊያህን ፈልግ። የጀልባ የአሲድ ባትሪ ሕግ ነው፤ «ከ» የሚሉት ነጥቡን ነው። የአሲድ ባትሪ እንደ ደረጃ ወራጅ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ቮልቱን ያየ የቀረውን ያውቃል። ኦድቫር በዚህ ሕግ ስንት ማዕበል አልፎ ቤቱ ገብቷል። ሬይዳርም የተማረው ከዚያው ወደብ ነው። ሁለቱም እውነት ነበር የተናገሩት፤ ስለ ሌላ ባትሪ።

«አያዬ» አለች ሲኖቬ ከአልጋዋ። የምትናገረው ማሽኑ አየር በሚመልስበት መሐል፣ ቁርጥ ቁርጥ አድርጋ ነው። «ሙሉ ነው... ያልከው... እኔን ነው... ባትሪውን?»

«ሁለታችሁንም።»

«እኔ... ቁርስ... አልበላሁም እኮ።»

«እንግዲያው አንቺ አሥራ ሁለት ከሁለት ነሽ። ቆይ፣ ዓሣው ይብሰል።»

ሲኖቬ በዓይኗ ሳቀች። ራንቬይግ ግን አልሳቀችም። ወንበሯን ጎትታ መግቢያው ላይ፣ ከመለኪያው ፊት ለፊት ተቀመጠች። ከበሩ ሥር የሚገባው ብርድ እግሯን ይበላታል። ከቁጥሩ ዓይኗን አልነቀለችም፤ የሚፈላ ወተት እንደምትጠብቅ ሴት።

ኦድቫር ዓሣውን ቀቀለ፤ የልጅቱን ድርሻ ቅቤ ጨምሮ በሹካ አድቅቆ አቀረበላት። ለራንቬይግም ዳቦ ላይ ቡናማ አይብ አድርጎ አመጣ። ዳቦው ጉልበቷ ላይ ደረቀ። ውጪ፣ በዚያ የምድር ሰሜን ጫፍ፣ ፀሐይ ከህዳር ወዲህ አልወጣችም፤ እኩለ ቀን ሲደርስ ሰማዩ ጥቂት ሰማያዊ ሆነ፤ ያ ነው ቀኑ። በዚያ ብርሃን ውስጥ ቁጥሩ ተነቃነቀ። አሥራ ሁለት ነጥብ ሰባት።

«አባዬ። ወረደ።»

«ይውረድ። ብርድ ላይ አስቀምጠሽው፣ ሸክም ጭነሽበት፣ እንዴት አይወርድም?»

«ስምንት ነበር፣ አሁን ሰባት ነው።»

«ሸክም ይዞ ዳገት የሚወጣ ሰው ሲያለከልክ አይተሽ ሊሞት ነው ትያለሽ? አሳርፊውና ለኪው። ባትሪ የሚለካው አርፎ ነው።»

በዚህ እውነቱን ነበር። ያልደከመ ባትሪም ሥራ ላይ እያለ ቮልቱ ዝቅ ይላል፤ ብርድ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ትክክለኛውን ለማየት ሸክሙን አንስቶ መጠበቅ ነው። ሸክሙ ግን የሲኖቬ ትንፋሽ ነው።

ራንቬይግ ከራስጌው ላይ በእጅ የሚጨመቀውን የመተንፈሻ ከረጢት አወረደች። ሆስፒታል ሳሉ አስተምረዋታል፤ በደህና ቀን ብዙ ጊዜ ተለማምዳዋለች። ቱቦውን ከማሽኑ ነቅላ ከከረጢቱ ጋር አገናኘችና ጨመቀች። የልጇ ደረት ከፍ አለ። ለቀቀች፤ ደረቱ ወረደ። አባቷ ማሽኑን አጠፋና መግቢያው ላይ ቁጢጥ አለ።

ማሽኑ ሲቆም ቤቱ ውስጥ የተረፈው ዝምታ ለጆሮ የሚከብድ ነበር። ነፋሱ እንኳ ከሩቅ የሚመጣ መሰለ። ራንቬይግ ትጨምቃለች፣ ትለቃለች። ሲኖቬ ዓይኗን ከእናቷ ፊት አላነሳችም። እንዲህ በእጅ ሲሆን መናገር አይሆንላትም፤ ለዚህ ብለው የተስማሙበት አላቸው፣ አንዴ መጨፈን ደህና ነኝ፣ ሁለቴ መጨፈን አነሰኝ። አንዴ ጨፈነች።

«ወጣ!» አለ ኦድቫር። «ሰባት ነበር፣ ስምንት፣ አሁን ዘጠኝ። አሥራ ሁለት ነጥብ ዘጠኝ። አላልኩሽም? ዛሬ ከሱቅ የመጣ ባትሪ እንኳ እንዲህ አይልም።»

ማሽኑን መልሰው አበሩት። ኦድቫር እጁን በሱሪው ጠርጎ ተነሣ። ፊቱ ላይ ያለው እፎይታ የልጅ እፎይታ ነበር፤ ራንቬይግ ያን ጊዜ እሱም ሲፈራ እንደዋለ አወቀች። ብታምነው በወደደች ነበር። አባቷ ስለ ባሕር የተናገረው ሳይሆን የቀረበትን ጊዜ አታስታውስም። ነገር ግን የትናንቱን ቁጥር አልረሳችም።

«አባዬ፣ ይሄ ሙሉ ከሆነ፣ ትናንት ምን ነበር?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ትናንት ቀኑን ሙሉ አሥራ ሦስት ነጥብ ሁለት ነበር። ማሽኑን ተሸክሞ፣ እዚሁ ብርድ ላይ። ስተኛም እንደዚያው ነበር። ዛሬ አርፎም አሥራ ሦስት አልደረሰም።»

«አዲስ ባትሪ መጀመሪያ ላይ ትርፍ አለው። እሱ ወርዶ ነው።»

«የአሲድ ባትሪ አሥራ ሦስት ከሁለት ላይ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ያውቃል?»

ኦድቫር ወደ ምድጃው ሄዶ እንጨት ጨመረ። እንጨት አያስፈልገውም ነበር።

«አባዬ፣ ንገረኝ። ቆሞ ያውቃል?»

«አያውቅም» አለ፣ ጀርባውን እንደሰጣት።

«እንግዲያው የአንተ ሕግ ለዚህ አይሆንም። ማግንሂልድ ጠርዝ አለው ብላኛለች። ጠርዙ ላይ ነን።»

«ተይ ራንቬይግ።»

«ልትቀበለው ያልፈለግኸው...»

«ተይ አልኩሽ!» አለና ወዲያው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጠርዙ ላይ ከሆንን፣ ጀልባዋን የመለስኳት እኔ ነኝ።»

ሲኖቬ ሁሉንም ትሰማለች። «አያዬ» አለች። «አትጣሉ... አየር... ታባክናላችሁ።»

ራንቬይግ ሬዲዮውን አነሳች። ቁልፉን በሁለት አውራ ጣት ተጫነችው። ሬይዳር እስኪመልስ ደጋግማ ጠራች። ሲመልስ ከጀርባው የሞተር ጩኸትና የሰው ድምፅ ይሰማል።

«ሬይዳር፣ ባትሪው ሙሉ አይደለም። ተሳስተናል። ይሄ እንደ ጀልባ ባትሪ አይደለም፤ በሱ አሥራ ሁለት ከስምንት ማለት ሊያልቅ ነው ማለት ነው።»

ሬይዳር ለሰዎቹ አንድ ነገር ሲጮህ ተሰማ።

«ገመድ አስረን እየጎተትናቸው ነው» አለ። «አሁን ብለቃቸው ዓለቱ ላይ ናቸው። ከነፋስ የተከለለ ቦታ አድርሼ ሰዎቹን ወደኔ አሻግራቸውና እመጣለሁ። ግን ቶሎ አይሆንም፤ እስከዚያ እየጎተትኩ ነው የምሄደው። እስከ መቼ ያቆያታል?»

ያው ጥያቄ። ራንቬይግ ቁጥሩን አየች። አሥራ ሁለት ነጥብ ስድስት።

«አላውቅም። እየወረደ ነው። ሲጠፋ በእጃችን እንነፋለን።»

«እጃችሁስ እስከ መቼ ያቆያታል?»

እሱንም አታውቅም። «አትልቀቃቸው» አለችው፤ «ግን ና።» ሬዲዮውን አስቀመጠች። አትልቀቃቸው ማለቷን ልጇ መስማቷ በኋላ ነው ትዝ ያላት። ዘወር ብላ ስታያት ሲኖቬ አንዴ ጨፈነች።

የሰጠመ ሰው አረፋ ይጨብጣል። ባትሪውን ከብርድ ለማውጣት ወደ ምድጃው አስጠጉት፤ በሱፍ ብርድ ልብስ ጠቀለሉት። ቁጥሩ ጥቂት ከፍ ያለ መሰለና ተመልሶ ወረደ። ራንቬይግ መመሪያውን ከዳቦ ሳጥኑ ላይ አውርዳ ለአባቷ ወረወረችለት። እሱ መነጽሩን ፈለገ፤ አገኘ፤ ገጽ እየገለጠ ከንፈሩን ያነቃንቃል። «ስለ ማስተካከያው ነው የሚያወራው... ስለ ዋስትናው...» ይላል። ማሽኑን ትቶ ሌላ የሚያጠፉት ነገር ፈለጉ፤ ከማሽኑ በቀር የተሰካ ነገር አልነበረም። አሥራ ሁለት ነጥብ አራት። ጠዋቱን ሙሉ ንቅንቅ ያላለው ቁጥር አሁን ዓይን ተነቅሎ በተመለሰ ቁጥር ሌላ ነው። አሥራ ሁለት። አሥራ አንድ ከስድስት።

ጉንዳኑ ሜዳውን ጨረሰ።

መለኪያው ባንድ ጊዜ ጨለመ። ባትሪው ራሱን ዘጋ። ማሽኑ በሆዱ ባለችው ጥቂት ጉልበት እየጮኸ ማስጠንቀቅ ጀመረ። ራንቬይግ ጩኸቱ እስኪያልቅ አልጠበቀችም፤ ከረጢቱን አገናኝታ ጨመቀች።

መጀመሪያ ላይ ቀላል ነው። ከረጢቱ ለስላሳ ነው፣ ከሊጥ አይከብድም። ቆይቶ ግን መዳፍ ይቃጠላል፤ ከዚያ ክንድ፤ ከዚያ ከትከሻ እስከ አንገት አንድ የጋለ ሽቦ ይወጠራል። ማቆም የለም። ማስነጠስ የለም። አንዴ ሐሳቧ ወደ ሁለቱ ሰዎች ሄደባትና እጇ ዘገየ፤ ሲኖቬ ሁለቴ ጨፈነች፤ ራንቬይግ የገዛ ትንፋሿ ተቆርጦ የተቀጠለ መሰላት።

«ስጪኝ» አለ ኦድቫር።

«ጣቶችህ አይሆኑም።»

«ስጪኝ እንጂ።»

ጣቶቹ በእርግጥ አልሆኑም፤ አይታጠፉለትም። ከረጢቱን በሁለት መዳፉ መካከል አድርጎ ደረቱ ላይ አስጠጋው፤ እንደሚቀዝፍ ሰው ወደ ፊት ዘመም፣ ወደ ኋላ ቀና ማለት ጀመረ። ዘመም ሲል የልጅቱ ደረት ይነሣል፣ ቀና ሲል ይወርዳል። በልጅነቱ ሞተር ሳይኖር ከአባቱ ጋር ቀዝፎ ነበር የሚወጣው፤ ያኔ የያዘው ምት ነው። ሲኖቬ አንዴ ጨፈነች። ከዚያ ዓይኗ በቀልድ ጠበበ። ራንቬይግ ልጇ መናገር የፈለገችው ገባት።

«ዓሣ የሚጨምቅ ነው የሚመስለው ትልሃለች» አለችው ለአባቷ።

«ዓሣ ብትሆን ይሄኔ ሸጬያት ነበር» አለ ኦድቫር፣ እያለከለከ። ሽቅብ አላየም። እንባው በአፍንጫው ወርዶ ጢሙ ላይ ቀርቶ ነበር፤ የሚጠርግበት እጅ የለውም።

ተቀያየሩ። አንዱ ሲነፋ ሌላው መዳፉን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ይነክራል። ያ ሰማያዊ ብርሃን ሄደ፤ ሻማ አበሩ። ከዚያ መነጋገሩም ቀረ። የኦድቫር ተራ እያጠረ፣ የራንቬይግ ተራ እየረዘመ መጣ። አንድ ጊዜ አባቷ ተቀብሏት ዘመም እንዳለ አልጋው ጠርዝ ላይ ወደቀ፤ ከረጢቱን ግን አልለቀቀም፤ እንደወደቀ ነፋ። ራንቬይግ እጇ ከእንጨት በምን ይለያል እያለች መልሳ ተቀበለችው። የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። እጄ ከቆመ የማቆመው እኔ ነኝ። ባትሪ አይደለም፣ ባሕር አይደለም። እኔ።

የሲኖቬ ከንፈር ዳር ዳሩን መጥቆር ጀምሮ ነበር። ሁለቴ ጨፈነች። ራንቬይግ አጠንክራ ጨመቀች። እንደገና ሁለቴ ጨፈነች። ከዚያ ዓይኗን ከፍታ እናቷን ብቻ አየቻት፣ ሳትጨፍን፤ ያ ከሁሉም የከፋ ነበር።

የጀልባዋ ጥሩምባ የተሰማው ያኔ ነው።

በሩ ከነፋሱ ጋር ተበርግዶ ሰዎች ገቡ። ከሬይዳር ቀድሞ የደረሰው ጢሙ ላይ በረዶ የያዘ፣ እስከ ወገቡ የራሰ ሰው ነበር። ራንቬይግ አታውቀውም። ባሕሩ ላይ ከነበሩት ከሁለቱ አንዱ ነው። ተንበርክኮ እጁን በእጇ ላይ አደረገና ምቱን እስኪይዝ አብሯት ጨመቀ። ከዚያ «ልቀቂ፣ ይዣለሁ» አላት። ጣቶቿ አልላቀቅ አሉ፤ ሬይዳር ነው አንድ በአንድ ያላቀቃቸው።

ልጅቱን ከነፍራሿ ተሸክመው ወደ ወደቡ ወረዱ። የራሰው ሰውዬ ጎን ጎኗ እየሄደ ይነፋል፤ ሲደክመው ጓደኛው ይቀበለዋል። ኦድቫር ፋኖሱን ይዞ ከፊት መራቸው። ጀልባዋ ላይ ኦክሲጅንና ሌላ ማሽን ነበር። ሲያገናኙት ያ የሚታወቅ ድምፅ ተመለሰ፤ ይነፋል፣ ያርፋል። የሲኖቬ ከንፈር ቀስ እያለ ወደ ቀድሞ መልኩ መጣ። ራንቬይግ የጀልባዋ ወለል ላይ ተቀመጠች።

ኦድቫር ግን ገና ወደቡ ላይ ቆሟል።

«ና እንጂ አባዬ።»

«ቦታ የለም።»

«ቦታ ሞልቷል» አለ ሬይዳር። «ግባ ኦድቫር። የኔም አፍ ነው ሙሉ ነው ያለው።»

«አንተ ሩቅ ነበርክ። እኔ አጠገቡ ነበርኩ።» ሽማግሌው ፋኖሱን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ። መዳፎቹ ተልጠው ደም አውጥተዋል። «ምድጃው እየነደደ ነው። ቤት እንዲህ ተትቶ አይኬድም።»

ሲኖቬ የሆነ ነገር አለች፤ ነፋሱ ወሰደው። ራንቬይግ ጎንበስ ብላ ሰማቻትና ወደ አባቷ ጮኸች፤ «ዘገየህ ትልሃለች!»

«ትቅደም» አለ ኦድቫር። «እደርሳለሁ በያት።»

አልደረሰም። ከተማ ባለው ሆስፒታል የሲኖቬ ሐኪሞች ራንቬይግን ፊት ለፊት አስቀምጠው፣ ደሴቱ ላይ ዳግመኛ መብራት ቢሄድ የቀረውን በትክክል ማወቅ ትችያለሽ ወይ ብለው ጠየቋት። አዎ ብትል ወደ ቤታቸው ትመለሳለች፤ ሲኖቬ በመስኮቷ ባሕሩን፣ የአያቷን ጀልባ ቤት ታያለች። ራንቬይግ ተልጠው የታሸጉ እጆቿን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ አየቻቸው። ከዚያ አልችልም አለች። ከሆስፒታሉ አጠገብ አንድ ክፍል ተከራየች። የጎልማሶች ትምህርቷን እዚያው ቀጠለች። በጸደይ ያንን መመሪያ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አነበበችው።

ኦድቫር በየሳምንቱ ይደውላል። ሲኖቬ ስንት ከስንት ነህ ትለዋለች፤ እሱም አሥራ ሁለት ከሁለት ይላታል። የእርሷን ሲጠይቃት አትነግረውም፤ መጥተህ ለካኝ ትለዋለች። አንድ ቀን እመጣለሁ ይላል።

ራንቬይግና ሲኖቬ ሄዱ። ኦድቫር ቀረ።